በጨለማ የሚያበሩ ሰዓቶችና የራዲየም ዕዳ

ብሩሹ ቀጭን ነው፤ የሰዓቱ ቁጥሮችም ጥቃቅን። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ፣ ኦሬንጅ ከተማ በነበረው ፋብሪካ የተቀጠሩ ወጣት ሴቶች የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው አሹለው ቀለሙ ውስጥ ይነክሩና ቁጥሮቹን ይቀባሉ፤ ጫፉ ሲበተን መልሰው ወደ ከንፈራቸው ይወስዱታል። አሠራሩን ያስተማሯቸው አለቆቻቸው ናቸው፤ ቀለሙ አይጎዳም ተብለውም ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በምሽግ ጨለማ ውስጥ የሚነበብ ሰዓት ይፈልጉ ስለነበር ሥራው ደርቷል።

ቀለሙ የራዲየምና የዚንክ ሰልፋይድ ቅልቅል ነው። ራዲየም ሳያቋርጥ የሚረጨው ጨረር ዚንክ ሰልፋይዱን ሲመታው ያበራል፤ ፀሐይም ባትሪም አያሻውም። ሴቶቹ ግን ከብሩሹ ላይ ራዲየሙን ይውጡት ነበር። ራዲየም በጠባዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ እዚያ ተቀምጦም ለዓመታት ከውስጥ ይጎዳል። ጥርሳቸው ረገፈ፣ መንጋጋቸው በሰበሰ፣ አጥንታቸው ተሰበረ፤ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው ሞቱ። በዚያው ድርጅት ኬሚስቶቹ ራዲየምን የሚይዙት ከእርሳስ መከለያ ጀርባ ሆነው በመቆንጠጫ ነበር። ጥንቃቄው ለእነሱ ሲደረግ ለሴቶቹ አለመነገሩ ከሁሉም የከፋው በደል ነው።

ግሬስ ፍራየር የተባለች ሠራተኛ በድርጅቱ ላይ ክሷን የሚይዝላት ጠበቃ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀባት። እ.ኤ.አ. በ1928 እሷና አራት ባልደረቦቿ እያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ 600 ዶላር እንዲከፈላቸው ክሱ በስምምነት ተቋጨ። የቀለሙ ፈጣሪ ሳቢን ፎን ሶቾኪም በዚያው ዓመት በጨረር ጉዳት ሞተ።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ የራዲየምን ቦታ ትሪቲየም ወሰደ። ጨረሩ ቆዳን እንኳ ዘልቆ የማይገባ ደካማ ነው፤ በየ12 ዓመቱ ገደማም በግማሽ ይቀንሳል። ከ6 ቁጥር ሥር «ስዊስ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ ቲ የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ሰዓት በትሪቲየም የተሠራ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ ሰዓቶች ላይ የሚታየው ብርሃን የሚመነጨው ግን ስትሮንቲየም አሉሚኔት ከተባለ ቁስ ሲሆን፣ የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ በ1993 ያቀረበው ነው። ጨረር የለውም። ቀን የተቀበለውን ብርሃን ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል፤ ወደ ንጋት የሚደበዝዘውም ለዚህ ነው።

መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከአያት የተወረሰውን ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የተገዛውን ሰዓት ነው። ብርሃኑ ስለጠፋ ብቻ አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። ያረጀው ዚንክ ሰልፋይዱ ነው፤ ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። በ1920 የተቀባ ሰዓት ዛሬም ከ95 በመቶ በላይ ራዲየሙን እንደያዘ ነው። መስታወቱ ያልተነካ ሰዓት በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ የተፈረፈረው ቀለም በትንፋሽ ወይም በጣት በኩል ወደ ሰውነት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቀለሙን መፋቅም ሆነ በቤት ውስጥ ለማደስ መሞከር አይገባም፤ ሰዓቱ ለጥገና ሲሰጥም ራዲየም ሊኖረው እንደሚችል ለሰዓት ሠሪው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።