ያውቁ ኖሯል? ሳይጠገን የተቀመጠ የጦር አውሮፕላን የታመነ ምስክር ነው

በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ንጉሣዊ አየር ኃይል ሙዚየም የሚታየው ሃሊፋክስ የተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሆን ተብሎ ሳይታደስ የቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1942 ቲርፒትዝ የተባለችውን የጀርመን የጦር መርከብ ሊያጠቃ ሄዶ ተመታ፤ በኖርዌይ በረዶ የሸፈነው የሆክሊንገን ሐይቅ ላይ ካረፈ በኋላም ሰጠመ። በ1973 ጠላቂዎች አወጡት። ከ6,000 በላይ ሃሊፋክሶች ተሠርተው ዛሬ የሚታዩት በጣት የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ጉዳቱን እንዳለ መተው ትክክል ነበር። የተጣመመው ብረትና የቀረው የጥንት ቀለም አውሮፕላኑ እንዴት እንደተሠራና ምን እንደደረሰበት ይመሰክራሉ። አዲስ ቆርቆሮና አዲስ ቀለም ግን የሚናገሩት ስለ ጠጋኙ እጅ ነው።

«ተመልካች ከስብርባሪ ምን ይማራል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ካናዳ በ1995 ከኖርዌይ ምዮሳ ሐይቅ ያወጣችውን ሌላ ሃሊፋክስ በ2005 አድሳ ጨርሳለች፤ የአውሮፕላኑን ሙሉ ቅርጽ ለማየትም ይህ ይጠቅማል። ነገር ግን የታደሰ አውሮፕላን መኖሩ ያልታደሰውን አስፈላጊነት ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ የለንደኑም ቢታደስ ኖሮ የሚነጻጸርበት ማስረጃ ይጠፋ ነበር። ብረት ዝም ብለው ቢተዉት ይበላል የሚለውም እውነት ነው፤ መልሱ ግን እንክብካቤ ነው። ዝገትን መግታት አንድ ሥራ፣ የጠፋውን በአዲስ መተካት ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ሙዚየሞች በቅድሚያ ያለውን ይጠብቁ፤ የጎደለውን ቅርጽ በሥዕልና በሞዴል ማሳየት ይቻላል፤ የጠፋን ማስረጃ ግን መልሶ መሥራት አይቻልም።