በጠረጴዛ ላይ ስለሚደረግ የታንክ ጦርነት ጨዋታ

በዕረፍት ቀን ልጆች ከቤት ውለው ጨዋታ ባጡ ጊዜ፥ ከክብሪት ቀፎና ከካርቶን ታንክ ሠርቶ በጠረጴዛ ላይ ማዋጋት ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። በፕሩስያ አገር ሬይስቪትስ የሚባል መኮንን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓመት ለመኮንኖች ማስተማሪያ የሚሆን የጦርነት ጨዋታ ሕግ አሳትሞ ነበር፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስም በ1913 በአሻንጉሊት ወታደሮች ስለሚደረግ ጦርነት መጽሐፍ አውጥቷል። እኛም ከቤተ ሰባችን ጋራ አንድ ጨዋታ አሰናድተን ነበርና፥ ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን።

የመረጥነው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጉና መተላለፊያ የተደረገውን ጦርነት ነው። የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ሲገሠግሥ ጣሊያኖች በትንንሽ ታንኮች ገጠሙት፤ የኛ ሰዎች ግን ከጎንና ከኋላ እየተጠጉ ታንኮቹን ከጥቅም ውጭ አደረጓቸው።

ያ ታንክ ሲ ቪ 33 ይባላል፤ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ17፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ40፥ ከፍታው 1 ሜትር ከ30 ያህል ነው። ይህ ለ72 ሲካፈል ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላ፥ ወርዱና ከፍታው ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ የክብሪት ቀፎ በመቀስ አጥብቦ፥ ካርቶን ደርቦ በሙጫ ማጣበቅ ይበቃል። ለመትረየሱ የስንደዶ ስባሪ ተከልን። ስድስት ሠራን፤ አንዱ ጠማማ ወጣ፥ ልጆቹ ግን ከሁሉ አብልጠው የወደዱት እርሱን ነው።

ችግር የሚመጣው በመሬቱ ልክ ነው። ጠረጴዛችን 180 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። መሬቱንም በ72 ብናሳንሰው ጠረጴዛው ሁሉ 130 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መትረየስ ደግሞ ከዚያ እጅግ አልፎ ይመታል። ስለዚህ ለመሬቱ ሌላ ልክ አወጣን፤ አንዱ ሳንቲ ሜትር 5 ሜትር ይሁን አልን። ታንኩ ከመሬቱ ይልቅ ገዝፎ ይታያል፤ ይህን ግን መታገሥ ነው። በብርድ ልብስ ሥር መጻሕፍት ከትተን ተራራውን አቆምን፥ ጠጠርም በተንን፤ እያንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ዐሥር ሰው ሆነ።

በመጀመሪያ ያወጣነው ሕግ ብረትን ከጥይት ጋራ ብቻ የሚያመዛዝን ነበር። ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ሦስቱንም ጊዜ ታንኮቹ አሸነፉ፥ ባቄላውም አለቀ። ታላቁ ልጅ «እንግዲያስ በደምበጉና እንዴት ተሸነፉ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ የሆነውን ነገር ከቶ ሊያመጣ የማይችል ሕግ ተሳስቷልና እንደ ገና ጀመርን።

ሲ ቪ 33 እንደ ትልልቆቹ ታንኮች በላዩ የሚዞር ራስ የለውም፤ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ ጥቂት ይወዛወዛል። ስለዚህ ከወረቀት ጠባብ ሦስት ማዕዘን ቈርጠን፥ ታንኩ ከዚያ ውጭ አይተኩስ አልን። በመንገድ ላይ በየተራው 30 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በጠጠሩ መካከል ግን 8 ብቻ። ሰው በየትም ቢሆን 10 ይሄዳል፥ ስለዚህ በድንጋያማ ቦታ ይደርስበታል። ከጎን ወይም ከኋላ አንድ ፍሬ ሲነካው ዳይስ ይጣላል፤ 6 ከወጣ ታንኩ ይቆማል። ሁለት ፍሬ ሲሆኑ 5ም ይበቃል፥ ሦስት ሲሆኑ 4ም። በፊቱ የመጣ ግን ዳይሱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ይወድቃል። ይህን ስናደርግ አንዳንዴ ታንኩ፥ አንዳንዴ ሰዉ ያሸንፍ ጀመር፤ ባቄላ ያልወደቀበት ድል ግን አንድ ጊዜም አላየንም።

ፍሬዎቹ ተሸሽገው እንዲጀምሩ ያስፈልጋል፥ ለዚህም ዳኛ ይሻል። ያንዱ ወገን አዛዥ ሰዎቹ ከየትኛው ድንጋይ ኋላ እንዳሉ በወረቀት ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል። በኛ ቤት ዳኛዋ እናታቸው ናት፤ ወረቀቱን በመቀነቷ ይዛ ማንንም አታሳይም። ጣሊያን ልሁን ባይ ስላልተገኘ ዕጣ እናወጣለን፥ ከጨዋታው በኋላም ወገን እንለዋወጣለን።

ታናሺቱ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። በዚያው ወር ጣሊያኖች በተከዜ በኩል በነበረው በዚሁ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጢስ መጣላቸውን ነገርናት። ለእርሱም ዳይስ እንጣል እንደ ሆነ ስትጠይቅ እናቷ አይሆንም አለች። ጨዋታችን በመተላለፊያው ላይ በስምንተኛው ተራ ያበቃል።