ነጭ ዓሣ ወደ ወንዝ ሲወጣ፦ በጣና ገባር ወንዞች የማስገሪያ ወቅትና መጠን ለምን ይገደባል?

ክረምት ሲገባና ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈሱ ወንዞች ሲሞሉ፣ በሐይቁ ውስጥ ያደገው ነጭ ዓሣ በወንዞቹ መግቢያ መሰባሰብ ይጀምራል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ ለመራባት የደረሱ ዓሦች ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ግልገል ዓባይ ወንዞች ይወጣሉ። ዓሣው በብዛትና በቀላሉ የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ ለጉዳት ይበልጥ የሚጋለጠውም በዚሁ ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ወራት ማስገር የሚገደብበትን ምክንያትና ከኅብረተሰቡ የሚጠበቀውን ያብራራል።

የነጭ ዓሣ ልዩ ባሕርይ

በሳይንሳዊ ስሙ ላቢዮባርበስ የሚባለው ነጭ ዓሣ የካርፕ ቤተሰብ አባል ነው። በጣና ሐይቅ ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎቹ ተለይተው ተመዝግበዋል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ቢኖረውም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታችኛው ዓባይ የሚኖሩ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ስለሚያግድ፣ የጣና ዓሦች ለረጅም ዘመን ተለይተው ኖረዋል። በዚህም ምክንያት በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ዝርያዎች ተፈጥረዋል። የካርፕ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ሆኖም ከጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ሌሎች ዓሦችን አድነው ይመገባሉ። ይህ በቤተሰቡ ዘንድ እምብዛም የማይታይ ባሕርይ ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች መካከል በርካቶቹ የሚራቡት በወንዝ ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ነጭ ዓሣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከሚታወቀው ሳልሞን ጋር ይመሳሰላል። ሳልሞን በባሕር አድጎ ለመራባት ወደ ወንዝ ይመለሳል፤ ነጭ ዓሣም በሐይቅ አድጎ ወደ ወንዝ ይወጣል። እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕና ፈጣን ውኃ በሚፈስበት ጠጠራማ ስፍራ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል በሚያልፈው ውኃ አማካይነት ኦክስጅን ያገኛል፤ ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ ግን ታፍኖ ይጠፋል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ ለመራባት የሚደርሱትም ከዓመታት በኋላ ነው።

ቆሮሶ ከዚህ የተለየ ነው። በሐይቁ ዳርቻ ይራባል፤ እንቁላሉንና ጫጩቶቹንም በአፉ ይዞ ይጠብቃል። ለመራባት ወደ ጠባብ የወንዝ መግቢያ መሄድ ስለማያስፈልገው በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ አይያዝም። ስለሆነም ለሁሉም የዓሣ ዓይነት አንድ ወጥ ገደብ ማውጣት በቂ አይደለም።

ወቅቱ ለምን ይገደባል?

በበጋ ወራት ዓሣው በሰፊው ሐይቅ ውስጥ ተበታትኖ ስለሚኖር፣ አስጋሪው የሚያገኘው ትልቁንም ትንሹንም የተቀላቀለበት ነው፤ የሚያገኘውም መጠን በድካሙ ልክ ነው። በክረምት በወንዝ መግቢያ ላይ የሚያዘው ግን በሙሉ ለመራባት የደረሰ ዓሣ ነው። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ መረብ በጥቂት ሌሊቶች ውስጥ ወደዚያ ወንዝ ሊገባ የነበረውን የዓመቱን ወላጅ ዓሣ በአብዛኛው ሊያስቀር ይችላል። የጠፋው የመራቢያ ዓመት ደግሞ ጉዳቱ ወዲያውኑ አይታይም። አስጋሪው የሚገነዘበው ከዓመታት በኋላ፣ በዚያ ክረምት መወለድ የነበረባቸው ዓሦች ከመረቡ ሲጠፉ ነው።

ይህ ስጋት ብቻ ሳይሆን የታየ እውነታ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚካሄድ የገበያ ማስገር ተጀመረ። ከዚያ በፊት ማስገር በአብዛኛው በደንገል ታንኳ ከዳርቻ ሳይርቅ የሚከናወን ነበር። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በተደረገ ክትትል፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያዘው ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። ተመራማሪዎች ዋናው ምክንያት በመራቢያ ወቅት በወንዝ መግቢያዎች ላይ የሚካሄደው ማስገር መሆኑን አመልክተዋል።

ዝርያዎቹ ወደ ወንዝ የሚወጡት በአንድ ጊዜ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ቀድመው፣ ሌሎቹ ዘግይተው ይወጣሉ። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚጸና እገዳ ጥቂቶቹን ጠብቆ ሌሎቹን ያጋልጣል።

የመጠን ገደብ እንዴት ይሠራል?

የመጠን ገደብ እንደ ማስገሪያው ዓይነት ይለያያል። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው የያዘውን ዓሣ አንድ በአንድ ሊቆጥር፣ ያልፈለገውንም በሕይወት ሊለቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሳልሞን ወንዞች ባሏቸው አገሮች ገደቡ በዓሣ ቁጥር ይወሰናል። ለምሳሌ በአየርላንድ እያንዳንዱ ወንዝ በየዓመቱ ይገመገማል፤ ለመራባት የሚያስፈልገው የዓሣ ቁጥር በማይሟላበት ወንዝ ላይ ዓሣ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። በተፈቀደበት ወንዝም አጥማጁ በያዘው ዓሣ ላይ መለያ ያስራል፤ በዓመት ሊወስድ የሚችለውም በቁጥር የተገደበ ነው።

መረብ ግን ዓሣ አይቆጥርም፤ ተይዞ የቆየ ዓሣም ሲለቀቅ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ በመረብ ማስገር ላይ መጠን የሚገደበው በተዘዋዋሪ መንገድ፣ ማለትም በመረብ ዓይን ስፋት፣ በመረብና በጀልባ ቁጥር እንዲሁም በቦታና በወቅት ነው። የመረቡ ዓይን ሰፊ ሲሆን ገና ያልተራባው ትንሽ ዓሣ ያልፋል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብና በቀላሉ የማይታየው የፕላስቲክ ክር መረብ ግን ዘር ያልተካውን ዓሣ ጭምር ያስቀራሉ።

ሕጉና ኃላፊነቱ

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የዓሣ ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅና ከአቅም በላይ ማስገር እንዲገታ መሠረት ጥሏል። የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። በሥራ ላይ ያሉትን የተከለከሉ ቦታዎች፣ ወራትና የማስገሪያ መሣሪያዎች በሚመለከት ዝርዝር መረጃ በየወረዳው ከሚገኘው የግብርና ጽሕፈት ቤት ማግኘት ይቻላል። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡም ኃላፊነቱን ከፍ ያደርገዋል።

እገዳው ኑሮው በማስገር ላይ ብቻ ለተመሠረተ ቤተሰብ ቀላል እንዳልሆነ ይታወቃል። ችግሩ የሚከብደው ግን ሕግ አክባሪው መረቡን ሰብስቦ ሌላው ሲዘረጋ ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ የተወውን ሌላው ይወስደዋል። ስለሆነም ቁጥጥሩ በአስጋሪ ማኅበራት ተሳትፎ ሲከናወንና በሁሉም ላይ በእኩል ሲጸና ፍትሐዊም ውጤታማም ይሆናል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

አስጋሪዎች፦ በመራቢያ ወራት ከወንዝ መግቢያዎችና ከወንዞቹ ውስጥ መረብ ማንሳት፣ ወንዝን ከዳር እስከ ዳር አለመዝጋት፣ በብርብራም ሆነ በሌላ መርዝ ዓሣ አለመያዝ። መርዝ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ይፈጃል።

ለመዝናኛ የሚያጠምዱ፦ ከማጥመዳቸው በፊት ስለ ፈቃድና ስለ ክልከላ መጠየቅ፣ ከሚመገቡት በላይ አለመያዝ። የሚለቀቅ ዓሣ በረጠበ እጅ ተይዞ፣ ከውኃ ሳይወጣ መንጠቆው ሊወጣለትና አፉን ወደ ወራጁ ውኃ አዙሮ እስኪበረታ ሊደገፍ ይገባል።

ነጋዴዎችና ሸማቾች፦ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን የሚጀምር በመሆኑ፣ በጾም ወቅት ዓሣ የሚመገቡ ሰዎች ፍላጎት ከነጭ ዓሣ መራቢያ ወቅት ጋር ይገጥማል። በእነዚህ ሳምንታት ነጭ ዓሣን ትቶ ቆሮሶን መምረጥ ለጥበቃው ቀጥተኛ አስተዋጽኦ ያደርጋል። ሆዱ በእንቁላል የተሞላ ነጭ ዓሣ ለገበያ መቅረቡ ከመራቢያ ስፍራው መወሰዱን ያመለክታል።

የወንዝ ዳር ነዋሪዎች፦ አሸዋና ጠጠር ከመራቢያ ስፍራዎች አለማውጣት፣ የወንዝ ዳር እርሻን ከደለል መከላከል፣ ለመስኖ ውኃ ሲሳብ ወንዙ እንዳይደርቅ መጠንቀቅ። መረብ ባይዘረጋም መራቢያው ከጠፋ ዓሣው አይተርፍም።

በክረምቱ ወራት ሳይነካ ወደ ወንዝ የወጣ ዓሣ ዘሩን ተክቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ በቀጣዩ በጋም በሕጋዊ መንገድ ሊሰገር ይችላል። እንቁላሉን ሳይጥል የተያዘው ግን የሚያስገኘው የአንድ ቀን ገበያ ብቻ ነው።