ቀላል የሚመስለው ኮንሰርቶ

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሁለተኛ ዲግሪ የክላርኔት ፈተና ከሚጠየቁ ሥራዎች መካከል ሞዛርት በ1791 እ.ኤ.አ. ለክላርኔት ተጫዋቹ አንቶን ሽታድለር የጻፈው ኮንሰርቶ እምብዛም አይጠፋም። ዴንማርካዊው የሙዚቃ ደራሲ ካርል ኒልሰን በ1928 እ.ኤ.አ. የጻፈው የክላርኔት ኮንሰርቶ ለጣት እጅግ የከበደ ሆኖ ሳለ የሞዛርቱ ለምን ይመረጣል የሚሉ አሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሆኖም ጥድፊያ ጉድለትን ይሸፍናል። የሞዛርት ዜማ ግን ገላጣ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ቃና ሲዛነፍ፣ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ የሚደረገው ዝላይ ሲሻክር ወዲያው ይሰማል። ከዚያም በላይ የደራሲው የእጅ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ሽታድለር የተጫወተበትም ከዛሬው የተለመደ ክላርኔት ይልቅ ወደ ታች የሚወርድ መሣሪያ ነበር። ስለዚህ ተፈታኙ የትኛውን ኅትመት እንደሚከተል፣ የቱን ሐረግ እንዴት እንደሚያያይዝ ራሱ ይወስናል፤ ገምጋሚዎችም ጣቱን ብቻ ሳይሆን ይህን ማስተዋሉን ያዳምጣሉ።