ለልጅ መኝታ ክፍል የግድግዳ ሥዕል፦ የትኛውን ቀለም እንምረጥ?

በቤር ሼቫ አዲስ ቤት የገባ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ማማዱን ለልጆች መኝታ ይሰጣል። ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ይህ የመከላከያ ክፍል እንዲኖር ሕግ ያዛል። ግድግዳው ወፍራም ቤቶን፣ በሩና መስኮቱ ብረት ስለሆነ ለልጅ ዓይን ደስ አይልም። አዛካ ሲጮኽ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ግድግዳውን በሥዕል ማሳመር ይፈልጋሉ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። በማማድ ግድግዳ ላይ መስተዋት ወይም ከባድ ነገር መስቀል አይመከርም፤ በአካባቢው ፍንዳታ ቢደርስ ወድቆ ሰው ሊጎዳ ይችላል። በቀለም የተሳለ ሥዕል ግን አይወድቅም። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በቀለሙ ምርጫ ላይ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ሲዘጋ አየር አያስገባም፣ ልጁም ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው እዚያ ውስጥ ነው።

የዘይት ቀለም ወይስ የውሃ ቀለም?

የዘይት ቀለም የሚቀጥነው በተርፐንታይን ወይም በመሳሰሉት ፈሳሾች ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ፈሳሹ ተንኖ ወደ አየር ይገባል፤ ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል፣ አስም ያለበትን ልጅም ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ለልጅ ክፍል የሚሻለው በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ነው። ሽታው አነስተኛ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቡርሹም በውሃ ይታጠባል። ሱቅ ሲሄዱ «አል ባሲስ ማይም» የሚል ጽሑፍ ቆርቆሮው ላይ መኖሩን ይመልከቱ፤ «ታቭ ያሮክ» የሚለው ምልክት ካለበት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ለውጭ ግድግዳ የተሠራ ቀለም ግን ቢተርፍዎትም ለልጅ ክፍል አይጠቀሙበት።

ሻጩ «ማት ወይስ ሜሺ?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ማት አያብረቀርቅም፣ የግድግዳውን ጉድለት ይሸፍናል፣ ነገር ግን የእጅ አሻራ ሲያርፍበት ለማጽዳት ያስቸግራል። ሜሺ ትንሽ ያብረቀርቃል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ሜሺ ይመረጣል።

ምን ያህል ይበቃል?

አንድ ሊትር ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ በግምት 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ግድግዳ 7.5 ካሬ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ስለሚቀባ ለመደቡ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይበቃል። ለሥዕሉ ደግሞ ትንንሽ የአክሪሊክ ቀለሞች መግዛት ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም ትልቅ ቆርቆሮ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከመቀባትዎ በፊት

በክረምት የቤቶን ግድግዳ ስለሚቀዘቅዝ እርጥበት ይይዛል፣ ሻጋታም ያበቅላል። በሻጋታ ላይ ቀለም ቢቀቡ ሻጋታው ተመልሶ ይወጣል። በመጀመሪያ ያጽዱት፣ በደንብም ይድረቅ። በኤኮኖሚካ የሚያጸዱ ከሆነ መስኮቱን ይክፈቱ፣ ከሌላ የጽዳት ፈሳሽ ጋርም በፍጹም አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊፈጠር ይችላል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩት እንደ ሽኹና አሌፍና ጊሜል ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በዚያን ዘመን በዓለም ዙሪያ በብዙ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይጨመር ነበር። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል መጠን እንደሌለው ይናገራል። ስለዚህ የተላላጠ አሮጌ ቀለም ካለ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቁት፣ አቧራው ነው የሚጎዳው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች ከክፍሉ ይራቁ፣ ሥራውንም ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

በሚቀቡበት ጊዜ

አቧራ የሚያነሳ ነፋስ ያለበትን ቀን ያሳልፉ፤ የኔጌቭ አሸዋ እርጥብ ቀለም ላይ ይጣበቃል። በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን ጎማ ቀለም አያስነኩት፤ ጎማው ከተበላሸ በሩ በደንብ አይገጥምም። ባልዲና መሰላል መግቢያውን እንዳይዘጉ ይጠንቀቁ፣ አዛካ ቢጮኽ ክፍሉ ወዲያው መግባት የሚቻልበት ይሁን። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ መስኮቱን ከፍተው ልጁን ለጥቂት ቀናት ሌላ ክፍል ያስተኙት።

ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ደማቅ ሮዝና ሐምራዊ ቀለሞች ቶሎ ሊደበዝዙ ይችላሉ። ቀይ አፈር የሚመስሉት፣ ቡናማና የአፈር ቢጫ ቀለሞች ግን ይቆያሉ። እነዚህ ደግሞ የጎንደርን ተራራ፣ ጎጆ ቤትና ዋልያ ለመሳል የሚስማሙ ናቸው። አያት ወይም ቅድመ አያት ካሉ አጠገብ ተቀምጠው የመንደራቸውን መልክ ይንገሩ፣ ልጁም በወረቀት ይንደፈው። ከዚያ በኋላ ቀለሙን መምረጥ ይቀላል። አዛካ በሚጮኽበት ሰዓት ልጁ ፊቱን ወደዚያ ግድግዳ አዙሮ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል፤ አያቱም የሚመልሱለት።

መልካም ሥራ!