ከደብረ ማርቆስ እስከ ዘጌ፤ መራመድ የሚቸግራቸው መንገደኞች በየብስና በሐይቅ ስለሚያደርጉት ጉዞ

በአገራችን ስለ ጉዞ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አብዛኛው ጽሑፍ መንገደኛው ሁለት ጤነኛ እግር እንዳለው አድርጎ የሚናገር ነው። ጸሐፊው «ከዚያ ወርደን ጥቂት በእግራችን ከሄድን በኋላ» ሲል፥ መውረዱም ሆነ ጥቂት በእግር መሄዱ ለማይቻለው ሰው ጉዞው እዚያ ቃል ላይ ያበቃል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ በክራንች፥ በምርኩዝ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሰዎች ከጎጃም ደጋ ተነሥተው በጣና ሐይቅ ላይ ሲጓዙ ምን እንደሚያጋጥማቸው፥ የሚያጋጥማቸውም ስለ ምን እንደ ሆነ፥ በጥቂት ወጪም ምን ሊሻሻል እንደሚችል ለመግለጽ እንሞክራለን።

ለጽሑፉ መነሻ የሆነን በ2015 ዓ.ም. ከጥምቀት በዓል በኋላ ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ጋራ ያደረግነው ጉዞ ነው። ጓደኛችን በልጅነቱ በፖሊዮ ምክንያት ሁለቱ እግሮቹ ስለ ደከሙ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳል። ስሙ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቀን አልጻፍነውም፤ ረቂቁን ግን አንብቦ በሁለት ቦታ አርሞናል።

የቀድሞው አካሄድ

የጎጃም ደጋ ሰው መራመድ የተሳነውን ወገኑን ይዞ መጓዝ የጀመረው መኪና ከመጣ ወዲህ አይደለም። በቀድሞ ዘመን አቅም ያለው በበቅሎ ይሄድ ነበር፤ በቅሎ የሌለውን ወይም በኮርቻ ላይ መቀመጥ የማይችለውን ሕመምተኛ ደግሞ የአገሩ ሰው በቃሬዛ አድርጎ እየተቀባበለ ይሸከመው ነበር። መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። የሚጓዝበትም ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ለሕክምና፥ አንዱ ለትምህርት፥ አንዱ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ፥ ሌላው እንደ ግሽ ዓባይ ወዳለ የጠበል ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ «እግር የሌለው ሰው ከቤቱ ይቀመጣል» ማለት የአገሩን ልማድ ካለማወቅ የሚመጣ አነጋገር ነው።

በጣና ዳር ደግሞ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ አለ። ይህን ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት ወይጦዎች ናቸው። ታንኳው ከውኃው ፊት እምብዛም ከፍ የማይልና ወደ ዳር ተስቦ የሚቆም ስለ ሆነ፥ እግሩ የደከመ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ በእጁ እየተሳበ ሊገባበት ይችላል። ምንም እንኳ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ የሚከብድ፥ ሚዛኑም በቀላሉ የሚናጋ ቢሆን፥ ለመግባት ከሞተር ጀልባ ይቀላል። ይህን ማስታወሳችን ወደ ታንኳ እንመለስ ለማለት ሳይሆን፥ የከፍታ ነገር ምን ያህል እንደሚያገባን ለማሳየት ነው።

የየብሱ ጉዞ

ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬ፥ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በከተማው ውስጥ ጓደኛችን ብዙ አልተቸገረም፤ ባጃጅ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ራሱ ከወንበሩ ወደ መቀመጫው ይሻገራል፤ ወንበሩም ታጥፎ ከጎኑ ይገባል። ችግሩ የተጀመረው ከመናኸሪያው ነው። የትልቁ አውቶቡስ የመጀመሪያ ደረጃ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ደረጃዎች ጠባብና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በመቀመጫዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያም ወንበር አያስገባም። ረዳቱ ቅን ሰው ነበረና ጓደኛችንን በጀርባው አዝሎ አስገባው፤ ወንበሩ ግን ከጣሪያው ላይ ከጆንያዎች ጋራ ታሰረ፤ ባሕር ዳር ሲወርድ አንዱ የእግር ማሳረፊያው ተጣሞ ተገኘ።

ሌላው ነገር ሳይነገር የሚታለፍ ነው። ጓደኛችን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውኃ አልጠጣም ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቀው፥ በመንገድ ላይ አውቶቡስ የሚቆምባቸው ምግብ ቤቶች መጸዳጃቸው ደረጃ ያለውና ቁጢጥ ብለው የሚቀመጡበት ስለ ሆነ፥ ከጥማቱ ይልቅ እርሱን እንደሚፈራ ነገረን። ብዙ አካል ጉዳተኞች በጉዞ ቀን እንደዚሁ ያደርጋሉ። ይህ ግን ለኩላሊትና ለሽንት ቧንቧ ሕመም የሚያጋልጥ መጥፎ ዘዴ ነው። በመንገድ ዳር ባለ አንድ ምግብ ቤት መያዣ ያለውና መቀመጫ የተበጀለት አንድ መጸዳጃ መኖሩ ለተራው መንገደኛ ትንሽ ነገር ቢመስልም፥ ለእንደዚህ ያለው ሰው የጤና ጉዳይ ነው።

የሐይቁ ጉዞ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚነሣ ጠዋት የተረጋጋው ውኃ ወደ ማታ ይናወጣል። ከዚህም በላይ የውኃው ከፍታ እንደ ወራቱ ይለዋወጣል፤ ክረምቱ ሲያልፍ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፥ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። የመሳፈሪያው ድልድይ ግን በአንድ ከፍታ የተተከለ ነው። እንግዲህ ጀልባው ከውኃው ጋራ ሲወጣና ሲወርድ ድልድዩ ባለበት ይቀራል፤ በጥቅምት አንድ እርምጃ የነበረው በግንቦት ዝላይ ይሆናል። ጤነኛው ሰው ይህን ልዩነት ልብ ሳይለው ይዘለዋል።

በባሕር ዳር ጀልባው ዘንድ እንደ ደረስን ሁለት ወጣቶች ምንም ሳይጠይቁ ጓደኛችንን አንዱ በብብቱ አንዱ በእግሩ ይዘው አነሡት። ጀልባው ስለ ተንቀሳቀሰ በአየር ላይ ሳለ ሊወድቅ ጥቂት ቀረው። እርሱም «ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁኝ፤ እንዴት እንደምነሣ የማውቀው እኔ ነኝ» አላቸው። ይህን የሰሙት ሽማግሌው ጀልባ ነጂ «እውነትህን ነው ወንድሜ፤ እስኪ አንተ እዘዘን» ብለው ልጆቹን አስቆሙ። እርሱ ባዘዘው ዓይነት በድልድዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጀልባው በሁለት በኩል ተጠርቶ ተያዘ፤ አንድ ሰው ከኋላው፥ አንድ ሰው ከጉልበቱ በታች ደግፎት በራሱ ክንድ እየተገፋ ገባ። የፈጀው ጊዜ ከመጀመሪያው አይበልጥም፤ ፍርሃቱ ግን አልነበረም። አብረውን የተሳፈሩ ምርኩዝ የያዙ አንዲት እማሆይም ይህን አይተው «እኔንም እንደዚሁ አድርጉኝ ልጆቼ» አሉ።

በዘጌ ከጀልባ መውረዱ በዚሁ ዘዴ ተፈጸመ። ከዚያ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ግን በቡና ደን ውስጥ የሚያልፍ፥ ድንጋይና ሥር የበዛበት አቀበት ነው። የወንበሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች በየድንጋዩ ስለ ተያዙ ወደ ኋላ አዘንብለን በትልልቆቹ ጎማዎች ብቻ እየሳብን ጥቂት ሄድን፤ ከዚያ በላይ አልሆነም። የአካባቢው ሰዎች ቃሬዛ ሊያመጡ ተነሡ። ጓደኛችን ግን «እግዜር ይስጣችሁ፤ ሕመምተኛ አይደለሁም፤ ሥዕሉን ለማየት ነው የመጣሁ» ብሎ እንቢ አለ። እኛም እርሱን ከእማሆይ ጋራ ከቡና ዛፍ ሥር ትተን ወጣን። ተመልሰን ስለ ሥዕሎቹ ስንነግረው በትዕግሥት ሰማን። አስቀድመን የመንገዱን ርዝመትና አቀበቱን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ወይ በቅሎ እናዘጋጅ ነበር፥ ወይም ሌላ ቦታ እንመርጥ ነበር። ከዚህ የተማርነው ለመንገደኛው የሚያስፈልገው ከጉልበት በፊት እውነተኛ ወሬ መሆኑን ነው።

በሌላው ዓለም

ይህ ችግር የድኻ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በታላላቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ላይ ሊፍትና ሰፋፊ በር ያላቸው ክፍሎች አሉ። የሆነ ሆኖ ወደቡ ትንሽ ሲሆን መርከቡ ርቆ መልሕቁን ይጥልና ተሳፋሪዎቹ በትንሽ ጀልባ ወደ ዳር ይሄዳሉ፤ በዚያን ጊዜ ማዕበሉ ከበረታ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው በመርከቡ ላይ ይቀራል። በሚሊዮን ዶላር የተሠራው መርከብና የጣናው ጀልባ የሚቸገሩት በአንድ ዓይነት ቦታ ነው፤ ይኸውም አንዱ ነገር ከሌላው በሚገናኝበት መጋጠሚያ ላይ ነው።

አሜሪካ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚያስከብር ሕግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 አወጣች። በ2005ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ይህ ሕግ በአሜሪካ ውኃ ውስጥ የሚሠሩትን የውጭ አገር ሰንደቅ ዓላማ የያዙ የመንገደኞች መርከቦች እንደሚመለከት፥ ወሰን ቢኖረውም፥ ፈረደ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በሚሠራበት ደንቡ በባሕርና በውስጥ ውኃ የሚጓዝ አካል ጉዳተኛ ከ48 ሰዓት በፊት ካስታወቀ ያለ ክፍያ እርዳታ እንዲያገኝ አዟል።

በእኛም አገር ሕግ የለም አይባልም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይናገራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንጻ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም መጓጓዣን ጭምር ይጠቅሳል። ነገር ግን የሕንጻው አዋጅ ከመናኸሪያው በር አያልፍም፤ አውቶቡስና ጀልባ ሕንጻ አይደሉምና።

ምን ሊደረግ ይቻላል

ከዚህ በላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት በስልክ ስለ ደረጃው፥ ስለ መጸዳጃውና ከወረደ በኋላ ስላለው መንገድ ይጠይቅ። «ይቻላል?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ስንት ደረጃ አለው? አቀበቱ ምን ያህል ያስኬዳል?» ማለት ይሻላል፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ የአገራችን ሰው ከደግነቱ የተነሣ ሁልጊዜ «ችግር የለም» ብሎ ይመልሳልና።

2ኛ. በሐይቅ ላይ ጉዞው በጠዋት ይሁን። ከጀልባው መካከል መቀመጥ ይገባል፤ መናወጡ ከጫፎቹ ይልቅ እዚያ ያንሳልና። ወንበሩ ይታጠፍና ለብቻው ይታሰር፤ ሰውየው ግን ከወንበሩ ጋራ ከቶ አይታሰር፤ ጀልባው ቢገለበጥ ብረቱ ይዞት ይሰጥማል። የመንሳፈፊያ ጃኬቱንም ከመነሣቱ በፊት ይልበስ።

3ኛ. እግሩ የማይሰማው ሰው ከሞተሩ ሙቀት ይራቅ፤ ረጅም ሰዓት ሲቀመጥም ቁስል እንዳይወጣበት በየግማሽ ሰዓቱ በክንዱ ተደግፎ ከመቀመጫው ከፍ ይበል። በደጋው ብርድ የደከመ እግር ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢ አይለየው።

4ኛ. የጀልባ ማኅበራት ከውኃው ጋራ የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መሳፈሪያ ቢሠሩ ከሁሉ ይበልጣል። እስከዚያው ግን ጠርዝ ያለው ጠንካራ ሳንቃ ይበቃል። አንድ ሰው ብቻውን ወንበሩን እየገፋ እንዲወጣ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ረዳት ካለ ከዚህ ቢያጥርም ይቻላል። ቁልቁለት ሲሆን ወንበሩ በጀርባው በኩል ይውረድ።

5ኛ. ረዳቶችና ጀልባ ነጂዎች አንድ ቃል ይልመዱ፤ ይኸውም «እንዴት ልርዳህ?» የሚለው ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ብዙ ጊዜ ስለ ተቋረጠ፥ ያንን ጉዞ ደግመን የጎደለውን ለመሙላት አልቻልንም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጤነኛው በእግሩ ያልፋል፤ በወንበር የሚሄደው ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ሰላምን ከሁሉ አብልጦ የሚናፍቅ ይህ መንገደኛ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የዓባይ በረሃ የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት አለው። ያን የመሰለ ገደል የተሻገረ አገር ከመሬት እስከ አውቶቡስ ያለውን ሁለት ስንዝር መሻገር አያቅተውም ብለን እናምናለን።

ጓደኛችን ካረመልን ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ ስለ ዘጌ የጻፍነው ነው። እኛ በመጀመሪያ «መውጣት ስላልቻለ ቀረ» ብለን ነበር፤ እርሱ ሠርዞ «ትተን ወጣን» በሉ አለን። እኛም ትክክል ሆኖ ስላገኘነው እንደ ቃሉ ጻፍነው። ሁለተኛውን እርማት ደግሞ የስንዝሩን ቁጥር ነው፤ እኛ አንድ ብለን ነበር።