ትምህርት፡ ለየቲም የሚሰጥ የማያልቅ ስንቅ

በአላህ ስም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት፣ ለየቲሞችም እጅግ አዛኝ በነበሩት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አንባብያን! የቲሞችን ለመርዳት ስንነሣ በመጀመሪያ የታየን ባዶ መሶብና የተራቆተ ገላ ነበር። ስለሆነም ዱቄትና ዘይት፣ ለዒድ የሚሆን ልብስም ማሰባሰብን አስቀደምን። ይህ አላህ የሚወደው ሥራ በመሆኑ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ የረመዳን አስቤዛ ለማድረስ በሄድንበት ቤት ያጋጠመን ነገር ሥራችንን መለስ ብለን እንድንመረምር አስገድዶናል። በመዝገባችን ላይ «ተማሪ» ተብሎ የተጻፈው የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ በትምህርት ሰዓት የሊስትሮ ሣጥኑን አንግቶ ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። እናቱን ስንጠይቃቸው ትምህርቱን ካቋረጠ ወራት እንዳለፉት ገለጹልን። «እናንተ ያመጣችሁት እህል ወሩን ያዘልቀናል፤ የቤቱን ኪራይ ግን ማን ይክፈልልኝ?» አሉን። ነገሩን ስናስበው ጥፋቱ የእኛም ነበር። ያከፋፈልነውን ኩንታል ስንቆጥር፣ ልጁ በክፍል ውስጥ መኖር አለመኖሩን አልጠየቅንም ነበርና።

የየቲም አደራ እስከ ምን ድረስ ነው?

በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው የቲምነት ጊዜ አለው። ልጁ ሲጎለምስ ስሙ ይቀየራል፤ ድጋፉም አንድ ቀን ይቆማል። ጥያቄው ድጋፉ በቆመ ማግስት በእጁ ምን ይቀራል የሚለው ነው። እህሉ ተበልቷል፤ ልብሱም አልቋል። የተማረው ትምህርት ግን ወደ ሄደበት አብሮት ይሄዳል፤ ሌባ አይሰርቀውም፤ ባለ ዕዳም አይወስደውም።

ቅዱስ ቁርአን በሱረቱ አን-ኒሳእ (4፡6) ስለ የቲም ገንዘብ ሲደነግግ፣ አሳዳጊዎች ልጁን ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ እንዲፈትኑት፣ ብስለቱን ሲያረጋግጡም ገንዘቡን በምስክሮች ፊት እንዲያስረክቡት ያዛል። ከተፍሲር ሊቃውንት ብዙዎቹ ፈተናው ለልጁ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ እንዴት እንደሚሠራበት በማየት እንደሚፈጸም ያብራራሉ። ይህም ትልቅ ቁም ነገር ያስተምረናል። አሳዳጊው ገንዘቡን ቆልፎ መጠበቁ ብቻ አይበቃውም፤ ልጁ ራሱን ማስተዳደር የሚችል ሰው እንዲሆን ማዘጋጀትም ይጠበቅበታል። ከአባቱ ቤትም መሬትም ያልወረሰ የቲም እንኳ አንድ ሀብት አለው፤ እርሱም አላህ የሰጠው አእምሮ ነው። ይህን ሀብት ሳያለሙ መተው በእጅ ያለን አደራ ማባከን ነው።

ከየቲም ቤት የወጡ ሊቃውንት

ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) በ150 ዓመተ ሂጅራ (767 እ.ኤ.አ.) በጋዛ ተወለዱ። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ እናታቸው ወደ መካ ይዘዋቸው ሄዱ። እናትየው ለመምህሩ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። መምህሩ ግን የልጁን ትጋት ባዩ ጊዜ፣ እርሳቸው በሌሉበት ሌሎቹን ልጆች እንዲያስጠና በማድረግ ያለ ክፍያ አስተማሩት። ወረቀት መግዛት ስለማይችል ትምህርቱን በአጥንት ላይ ይጽፍ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ በአገራችንም ጭምር እጅግ ብዙ ሙስሊሞች የሚከተሉት መዝሀብ ኢማም ለመሆን በቃ።

በ164 ዓመተ ሂጅራ የተወለዱት ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልም ሆኑ በ194 ዓመተ ሂጅራ የተወለዱት ኢማም አል-ቡኻሪ አባቶቻቸውን በልጅነታቸው አጥተው በእናቶቻቸው እጅ ያደጉ ናቸው። እነዚህ እናቶች ልጆቻቸውን ከትምህርት አላስቀሩም። በአቅራቢያቸው የነበሩ መምህራንም ፊታቸውን አላዞሩባቸውም። ለአንድ የቲም መማር የአንዲት እናት ጽናትና የአንድ መምህር ቅንነት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችንም ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ዒልም ፍለጋ ከሩቅ የሚመጣውን ደረሳ የመንደሩ ሰው ካለው እያካፈለ ሲያበላ ኖሯል። አባቶቻችን እህሉን የሰጡት ልጁ እንዲማር ነበር። እኛም ልንመልሰው የሚገባን ይህንኑ ልማድ ነው።

የቲም ከትምህርት የሚርቀው ለምንድን ነው?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲደረግላቸው፣ ደኅንነታቸውንና ትምህርታቸውን የሚያራምዱ ተቋማትም እንዲመሠረቱ መንግሥት እንዲያበረታታ ይደነግጋል። በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። ታዲያ ልጁ ለምን ይቀራል? እኛ የተረዳናቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ከክፍያ ውጭ ያለው ወጪ ነው። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ጫማና የደንብ ልብስ በመስከረም ወር በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ሦስት ልጆች ላሏት እናት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ሁለተኛው የልጁ ጉልበት ነው። አባት በሌለበት ቤት ወንዱ ልጅ በሊስትሮነትና በታክሲ ረዳትነት የሚያገኛት ሳንቲም ትፈለጋለች። ሴቷ ልጅ ደግሞ በሰው ቤት ሠራተኛነት ትቀጠራለች፤ አለዚያም ያለ ዕድሜዋ ትዳራለች። የቤቱ ችግር ሳይቃለል ለልጁ ደብተር ብቻ መስጠት መፍትሔ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የተከታታይ ማጣት ነው። ተማሪ ሲያረፍድ ወይም ሲያጠፋ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ይህ ቃል ለሌላው ልጅ ተራ ተግሣጽ ነው። አባቱ ለሞተበት፣ እናቱም ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ልብስ ለምታጥብበት ልጅ ግን የትምህርቱ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። የሚያመጣው ሰው ሲያጣ ከትምህርት ቤቱ በር ይመለሳል፤ በዚያው ይቀራል።

ምን ማድረግ ይገባናል?

በመጀመሪያ፣ የቲምን ለማሳደግ ቃል የገባ ሰው ድጋፉን ሳያቆራርጥ ይስጥ። በረመዳን ብቻ የሚመጣ ብዙ ገንዘብ፣ በየወሩ ከሚመጣ ጥቂት ገንዘብ ጋር አይተካከልም። የትምህርት ቁሳቁስም መስከረም ሳይጠባ በነሐሴ ይድረስ። የቤት ኪራይ ወይም የመቋቋሚያ ገንዘብ ለእናትየው መስጠት ልጁን ከሥራ ወደ ክፍል ከሚመልሱ መንገዶች አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ጊዜውን ይስጥ። የልጁን የውጤት ካርድ ማየት፣ በወላጆች ስብሰባ መገኘት፣ «ወላጅ አምጣ» በተባለ ቀን እጁን ይዞ መሄድ ብዙ ብር አይጠይቅም። አስተማሪዎችም የሻፊዒይን መምህር አርአያ አድርገው በማስጠናት ሊረዱ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ መድረሳው ከትምህርት ቤቱ ጋር ተደጋግፎ ይሂድ። ልጁ ጌታውን የሚያውቅበት ትምህርትና እንጀራውን የሚያገኝበት ትምህርት ሁለቱም ያስፈልጉታል። ሴት የቲሞችም ከዚህ ዕድል እኩል ይካፈሉ። ይህን ሁሉ ስናደርግም ልጆቹን በሰው ፊት እያቆምን አናሳቅቃቸው፤ ክብራቸውን መጠበቅም የአደራው አካል ነው።

እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ በመዝገባችን ላይ «ክፍል ገብቷልን?» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረናል። ዓምዱ ትንሽ ቢሆንም የሥራችንን ውጤት የምንመዝነው በእርሱ ሆኗል።

ውድ አንባብያን! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገሮች በስተቀር እንደሚቋረጥ አስተምረውናል፤ እነርሱም ቀጣይ ሶደቃ፣ የሚጠቀሙበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ ናቸው። የቲምን ስናስተምር ለራሳችን ቀጣይ ሶደቃ እናስቀምጣለን፤ ለልጁ የሚጠቅም ዕውቀት እንሰጠዋለን፤ ከአፈር በታች ላለው አባቱም ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ እናሳድግለታለን። ከዚህ የበለጠ ንግድ ከወዴት ይገኛል?

አላህ (ሱ.ወ.) አደራቸውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።